«ይህ ፎቶ ተስተካክሏል» የሚል ጽሑፍ ሴት ልጅን ከመስታወት ጋር ያስታርቃታል?

ሐመልማል (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። መምህርት ነኝ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ከሆነ ሴት ተማሪዎች ጋር፣ ሴቶች በመገናኛ ብዙኃን ስለሚቀርቡበት መንገድ እንድወያይ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ከባልደረቦቼ የቀረበልኝ ሐሳብ የተለመደው ነው፦ የአንዲትን ሞዴል ፎቶ ከመስተካከሉ በፊትና ከተስተካከለ በኋላ ጎን ለጎን አሳይቶ፣ «አያችሁ? ሁሉም የተሠራ ነው፤ ራሳችሁን ከዚህ ጋር አታወዳድሩ» ማለት። ልጆቹ «ወይ ጉድ!» ይላሉ፣ እኛም ድርሻችንን ተወጣን ብለን እንበተናለን።

ነገሩ አልተዋጠልኝም። እነዚህ ልጆች ፎቶ እንዴት እንደሚስተካከል ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ፤ ራሳቸው በስልካቸው አገጭ ያሾላሉ፣ አፍንጫ ያጠባሉ፣ ቆዳ ያለሰልሳሉ። ሐሰት መሆኑን ማወቅ ቢያድን ኖሮ ከማናችንም በፊት እነሱ በዳኑ ነበር። ሆኖም የቡድን ፎቶ ሲነሣ ከኋላ የምትሸሸግ፣ መልሱን እያወቀች «ሁሉም ያዩኛል» ብላ ሰሌዳ ፊት የማትቆም ልጅ በየክፍሉ አላጣም።

ሕግ አውጪዎችም የያዙት ይህንኑ መንገድ ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ፣ የሞዴሏን ሰውነት ለማቅጠን የተነካካ የማስታወቂያ ፎቶ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖረው፣ የክብደታቸውና የቁመታቸው ምጣኔ (BMI) ከ18.5 በታች የሆነ ሞዴሎችም በማስታወቂያ እንዳይሠሩ ደነገገች። በፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ «የተስተካከለ ፎቶግራፍ» የሚል ጽሑፍ ግዴታ ሆኗል፤ ይህን ያላደረገ አስተዋዋቂ 37,500 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ኖርዌይ ከ2022 ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ ስትጥል በማኅበራዊ ሚዲያ ተከፍሏቸው የሚያስተዋውቁ ሰዎችንም አልማረችም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ጽሑፉ ይሠራል? ካልሠራስ ከልጆቹ ጋር በተሰጠኝ ጊዜ ምን ላድርግ?

---

ዮፍታሔ

ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው። ማንም ተገዶ አያይም። የማትወዱትን አትመልከቱ፣ ጉዳዩ ያበቃል።

---

ሐመልማል

ወንድም ዮፍታሔ፣ በመንገድ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ፣ ከዜና በፊት የሚመጣ ማስታወቂያና የክፍል ጓደኛዋ የለጠፈችው ፎቶ ፈቃድ አይጠይቁም። «አትመልከቱ» የሚለውን ምክር ለመፈጸም ዓይንን ጨፍኖ መኖር ያስፈልጋል።

---

ብርሃንና ጥላ

ይህ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለማስታወቂያና ለመጽሔት የሚሆኑ ፎቶዎችን አስተካክላለሁ። ግምት ከመብዛቱ በፊት በትክክል ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ።

ብዙ ሰው ሥራው ወገብ ማቅጠን ይመስለዋል። እሱ ቀላሉ ነው። ወገቡን ወደ ውስጥ ስትገፊው ከኋላ ያለው የበር መቃን አብሮ ይጎብጣል፤ መቃኑን መልሶ ቀጥ ማድረግ ከወገቡ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ዋናው ድካም ያለው ቆዳ ላይ ነው። ምስሉን በሁለት ንብርብር እንከፍለዋለን፤ በአንዱ የቆዳው ቀለም፣ በሌላው ሸካራነቱ ይቀመጣል። ቀለሙን እናለሰልሳለን፣ የቆዳው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግን እንዲታዩ እንተዋቸዋለን፤ ተመልካቹ «ተነካክቷል» እንዳይል። ከዚያ በዓይን ነጭ ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጠፋሉ። የክርን ጥቁረት ይነሣል። ክንድ ከጎን ጋር ሲገጥም የሚፈጠረው እጥፋት ይሰረዛል። አንገት ላይ ያሉት አግድም መስመሮች ይሄዳሉ፤ አንገት ስለሚታጠፍ ብቻ የሚመጡ መስመሮች ናቸው እኮ፣ ሕፃን ልጅም አለው!

ከፎቶው ይልቅ የሚላክልኝን ትዕዛዝ ብታነቡ ይበልጥ ትማሩ ነበር። ለሴቷ ፎቶ፦ «ድካሟን አንሺላት»፣ «ከዓይኗ ሥር ያለውን አጥፊ»፣ «ትኩስ ትሁን»፣ «ግን ተፈጥሯዊ ይምሰል»። በዚያው ዘመቻ፣ በዚያው ፋይል፣ ለወንዱ ፎቶ፦ «ግንባሩ ላይ ያሉትን መስመሮች ተያቸው፤ ግርማ ይሰጡታል»። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው። ማንም በስብሰባ ተቀምጦ «የእሱ መስመር ልምድ ይሁን፣ የእሷ መስመር ጉድለት ይሁን» ብሎ አልወሰነም። እንደ ተራ ነገር ነው የሚያልፈው። እኔም ራሴ ሳላስበው የማደርገው ሆኗል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የፈረንሳዩ የሚመለከተው የሰውነት ቅርጽ ሲቀጥን ወይም ሲወፍር ነው። በቆዳና በጸጉር ላይ የሚሠራው አይነካም። ማለትም አብዛኛው የእኔ ሥራ ያለ ምንም ጽሑፍ ያልፋል። ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ያለውስ? መብራቱ፣ ሜካፑ፣ ልብሱን ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ አጥብቆ መያዙ፣ ከብዙ መቶ ፎቶ አንዱን መምረጡ? ይህንን የትኛው ጽሑፍ ይገልጸዋል?

ፊልተሩም ከእኛ ከባለሙያዎቹ ቀድሞ ሄዷል። ድሮ እጅሽን ፊትሽ ላይ ስታሳልፊ ፊልተሩ ይንሸራተትና ጉዱ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ቲክቶክ ላይ «ቦልድ ግላመር» የተባለው ሲመጣ እጅ ቢያልፍበትም ንቅንቅ አይልም ነበር። ተመልካቿ ብቻ ሳትሆን የፊቱ ባለቤትም የትኛው የእሷ እንደሆነ ይጠፋታል።

---

ፀደይ

ሐመልማል፣ ጥርጣሬሽ መሠረት አለው። ያጠናሁት ሥነ ልቦና ነው፤ ይህ ጉዳይም ለብዙ ጊዜ ሲመላለስብኝ ቆይቷል።

መጀመሪያ ስለ ጽሑፉ። በአውስትራሊያ ማሪካ ቲግማን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ይህንን ደጋግማ ፈትናዋለች። «ይህ ምስል ተስተካክሏል» የሚለውን ጽሑፍ ያዩ ሴቶች ካላዩት የተሻለ ስሜት አልነበራቸውም። የዓይን እንቅስቃሴን በሚከታተል መሣሪያ ሲታይ ደግሞ፣ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደተስተካከለ ለይቶ የሚናገር ጽሑፍ የተመልካቿን ዓይን ወደዚያው ክፍል ይስበዋል። ወገቧ ተነካክቷል ስትባል ወገቧን ታያለች። ሕጉ አንድ ጣት ቀስሮ «እዚህ ጋ እዪ» እንዳለ ቁጠሪው።

ለምን አይሠራም ለሚለው፣ እኔን የሚያሳምነኝ ምክንያት ከውበት ንጽጽር ትንሽ ራቅ ያለ ነው። ንጽጽሩ አለ፤ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳለው፣ ሰው ራሱን የሚለካበት ተጨባጭ መስፈሪያ ሲያጣ ከሌላ ሰው ጋር ያስተያያል። ነገር ግን ባርባራ ፍሬድሪክሰን እና ቶሚ-አን ሮበርትስ በ1997 ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ጠለቅ ይላል። ሴት ልጅ ገና ከልጅነቷ ጀምሮ ሴቶች እንደሚታይ ነገር ሲቀርቡ እያየች ስታድግ፣ ያንን የውጭ ተመልካች ዓይን ወስዳ ራሷ ላይ ትተክለዋለች። ስትቀመጥ እንዴት እንደተቀመጠች፣ ስትስቅ ጥርሷ እንዴት እንደታየ፣ ስትናገር ፊቷ ምን እንደመሰለ ከውጭ ሆና ትከታተላለች። ካሜራው ከውስጧ ገብቷል።

ይህንኑ ለመፈተን በ1998 ያደረጉትን ሙከራ ልንገራችሁ። ተሳታፊዋ መስታወት ባለበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትገባለች። ለአንዳንዶቹ የዋና ልብስ፣ ለሌሎቹ ሹራብ ተሰጣቸው። ለብሰው ራሳቸውን በመስታወት ያዩና፣ ልብሱን እንደለበሱ የሒሳብ ፈተና ይሠራሉ። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት አመጡ። ወንዶቹ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ልብ በሉ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። የሚያያት ሰው አልነበረም፤ ከራሷ በቀር።

ስለዚህ ተማሪዎችሽ ፊት የሞዴል ፎቶ ስትደረድሪ፣ «ሐሰት ነው» እያልሽም ቢሆን የሚለማመዱት ያንኑ ነው፦ የሴትን አካል ቁራጭ በቁራጭ መመርመር። በመምህርት ፈቃድ!

---

ተጠራጣሪው

ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከመፍሰሱ በፊት ትንሽ ውኃ ላፍስበት። ቁጥር አንባቢ ነኝ፤ ሥራዬም እሱ ነው።

አንደኛ፣ «ሚዲያ የሴቶችን በራስ መተማመን ገደለ» የሚለው አባባል ከማስረጃው ይበልጣል። ክሪስቶፈር ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ200 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ የደረሰበት፣ የቀጫጭን ሞዴሎች ምስል አብዛኛውን ተመልካች እንደማይነካ፣ ተጽዕኖው በዋናነት የሚታየው አስቀድሞ በሰውነታቸው ቅሬታ ባላቸው ሴቶች ላይ እንደሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ በሰውነት አለመደሰትና ለራስ የሚሰጥ ጠቅላላ ግምት አንድ አይደሉም። ጠቅላላ ግምት ብዙውን ጊዜ የሚለካው ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 ባወጣቸው 10 ዓረፍተ ነገሮች ነው፤ ከእነዚህ መካከል ስለ መልክ የሚጠይቅ አንድም የለም። በ1999 የታተመ ትልቅ የጥናቶች ስብስብ ደግሞ በወንዶችና በሴቶች መካከል ያለው የግምት ልዩነት አለ፣ ግን ትንሽ ነው ይላል።

ሦስተኛ፣ ያ ዝነኛ የፌስቡክ (የኢንስታግራም ባለቤት) የውስጥ ሰነድ። በመስከረም ወር 2021 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ዓለም ሁሉ «ኢንስታግራም ከሦስት ልጃገረዶች አንዷን ይጎዳል» አለ። ዓረፍተ ነገሩ ግን እንዲህ ነበር፦ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ሲሰማቸው ኢንስታግራም ይበልጥ ያባብስብናል ያሉት ልጃገረዶች 32 በመቶ ናቸው። አካፋዩ ቁጥር (መቶኛው የተሰላበት) ሁሉም ልጃገረዶች አይደሉም። ለኩባንያው ጥብቅና መቆሜ አይደለም፤ ቁጥር ሲጠቀስ ከነአካፋዩ ይጠቀስ ነው የምለው።

---

ፀደይ

በአካፋዩ እስማማለሁ። ነገር ግን ኩባንያው ራሱን ሲከላከል ያለውንም አብረን እናንብበው። ከ12 ጉዳዮች በ11ዱ ላይ፣ ችግር ካለባቸው ልጃገረዶች መካከል ኢንስታግራም አባባሰብን ካሉት ይልቅ ረዳን ያሉት ይበልጣሉ አለ። ከመስመር የወጣችው አንዷ ጉዳይ ምንድን ናት? የሰውነት ገጽታ። ይህ ማስተባበያ ነው ወይስ ምስክርነት?

ፈርጉሰንንም ብቻውን አትጥቀሰው። ሸሊ ግሬብ፣ ሞኒክ ዋርድ እና ጃኔት ሃይድ በ2008 በ77 ጥናቶች ላይ ያደረጉት ግምገማ ከትንሽ እስከ መካከለኛ የሚደርስ ተጽዕኖ አግኝቷል። ደግሞስ «አስቀድሞ ቅሬታ ያላቸው ብቻ ይጎዳሉ» ስትል ቅሬታው ከየት መጣ? በ14 ዓመቷ ቤተ ሙከራ ስትገባ እኮ 14 ዓመት ሙሉ ስታይ የኖረችውን ይዛ ነው የምትገባው።

ለዚህ ነው የፊጂው ጥናት ሁልጊዜ የሚጠቀሰው። ናድሮጋ በተባለው የፊጂ አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በባህላቸው ደልደል ያለ ሰውነት የተከበረ፣ ጥሩ መብላትም የሚበረታታ ነበር። አን ቤከር የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ በዚያው ዓመት በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያሉ ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቀች፣ በ1998 እንደገና ጠየቀች። ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ ችግር የሚጠቁም ነጥብ ያስመዘገቡት ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ወጡ። ክብደት ለመቀነስ ሆን ብለው ያስመለሱ በ1995 አንዲትም አልነበረችም። በ1998 11.3 በመቶ ደረሱ።

---

ተጠራጣሪው

ጥናቱን አውቀዋለሁ። በሁለቱ ዙር የተጠየቁት ልጆች የተለያዩ ናቸው፣ በእያንዳንዱ ዙር ከ60 ጥቂት ከፍ የሚሉ ብቻ ናቸው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚለወጠውም ቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። ከዜሮ ወደ 11.3 መሄዱን ግን እኔም በቀላሉ የማልፈው ቁጥር አይደለም።

ለሐመልማል የሚጠቅመው ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ተጽዕኖው በሁሉም ላይ እኩል አያርፍም። ሁሉንም ተማሪ እንደ ተጎጂ ቆጥረሽ ብትነሺ፣ ምንም ያልተሰማት ልጅ «እኔም መጨነቅ ነበረብኝ ለካ» ብላ ትወጣለች። ሰውነቷን ፈጽሞ አስባው የማታውቅ የ14 ዓመት ልጅ አለች። ተያት።

---

የልጆች እናት

የምሁራኑን ክርክር አቋርጬ ብገባ ይቅርታ። ወግ አጥባቂም አይደለሁም፣ ስልክ ነጣቂም አይደለሁም። የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ።

እኔ የምፈራው የፊልም ተዋናዮችን ነበር። ልጄ ግን ተዋናይዋን አይታ «ቆንጆ ናት» ብላ ታልፋለች። የሚያስለቅሳት የክፍሏ ልጅ ፎቶ ነው። «እሷና እኔ እኩያ ነን፣ የምንለብሰውም ዩኒፎርም አንድ ነው፣ ታዲያ እኔ ለምን እንዲህ አልሆንም?» ትለኛለች። ለተዋናይዋ መልስ አለኝ፤ ገንዘብ አላት፣ ባለሙያ አላት እላለሁ። ለክፍሏ ልጅ ምን ልበላት? ፎቶዋን ስትነሣም አጠገቧ ቆሜ አይቻታለሁ። ታነሣለች፣ በሁለት ጣት አፍንጫዋ ድረስ ታጎላዋለች፣ ትሰርዛለች። ፈገግታዋን አታይም፤ አፍንጫዋን ብቻ።

«ጎበዝ፣ ቆንጆ ነሽ» እያልኩ ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። ምንም አልፈየደም። ፀደይ የጻፍሽውን ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ መሰለኝ፤ እኔም ማጽናናቱን የማመጣው በዚያው በመልክ በኩል ነው።

---

ፀደይ

እናቴ፣ ያዩት ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው። ከእኩዮች ጋር የሚደረገው ንጽጽር ከዝነኞች ጋር ከሚደረገው ያልተናነሰ፣ አንዳንድ ጊዜም የባሰ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በካናዳ የተደረገ አንድ ሙከራ ወጣት ሴቶችን ከእነሱ ይበልጥ ቆንጆ ናት ብለው ከሚያስቧት እኩያቸው ገጽ ጋር እንዲገናኙ አድርጎ ነበር፤ ስለ ሰውነታቸው ያላቸው ስሜት ተበላሸ። የቤተሰብ አባል ገጽ ያዩት ላይ ግን እንዲህ አልሆነም።

አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ልጨምር። በዚያው አገር በ2023 በወጣ ጥናት፣ የጭንቀትና የድብርት ምልክት ያለባቸው ከ17 እስከ 25 ዓመት ያሉ 220 ተማሪዎች ተሳተፉ። ግማሾቹ ማኅበራዊ ሚዲያን በቀን ወደ 60 ደቂቃ ዝቅ እንዲያደርጉ ተደረገ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ መልካቸውና ስለ ክብደታቸው ያላቸው ግምት ተሻሽሎ ተገኘ። መከልከል አላስፈለገም፤ መቀነስ በቃ።

---

ጋሽ ሞገስ

ልጆቼ፣ ለረጅም ዘመን በጋዜጣና በሬዲዮ የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። ንግግራችሁ ሁሉ ስለሚታየው ሆነ። እኔ ስለማይታየው ልናገር።

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ፣ አንድ ቀን ተመርጦ በብዙ አገሮች የዚያ ቀን ዜና ይቆጠራል። ዓለም አቀፍ የሚዲያ ክትትል ፕሮጀክት ይሉታል። በመጀመሪያው ዙር በዜና ውስጥ ከታዩት፣ ከተሰሙትና ከተነገረላቸው ሰዎች ሴቶቹ 17 በመቶ ነበሩ። በ2020 በ116 አገሮች ሲቆጠር 25 በመቶ። በ25 ዓመት ውስጥ 8 ነጥብ! በባለሙያነት ተጠርተው ከሚያብራሩት ውስጥም ሴቶች ከአራት አንድ አይሞሉም ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው በ1995 የቤጂንግ ጉባኤ መገናኛ ብዙኃንን ከ12ቱ ዋና ጉዳዮች አንዱ አድርጎ ከፈረጀ በኋላ ነው።

አሠራሩን ከውስጥ ስለማውቀው እነግራችኋለሁ። ክፋት አይደለም፤ ጥድፊያ ነው። ዜናው በ6 ሰዓት መውጣት አለበት። አዘጋጁ ማስታወሻውን ይገልጣል፣ ባለፈው ያናገረውን ኢኮኖሚስት ይደውልለታል፤ ባለፈው ያናገረው ወንድ ነው፤ ከዚያ በፊትም እሱ ነው። ሴት ባለሙያ መፈለግ ሩብ ሰዓት ይወስዳል፣ ሩብ ሰዓት ደግሞ የለም። ሴት የምትገኘው የት ነው? የዋጋ ንረት ዜና ሲሆን ከገበያ፣ አደጋ ሲደርስ ከአልቃሾች መካከል። «እንዴት አዩት?» ተብላ ስሜቷን ትጠየቃለች፤ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ተብላ አትጠየቅም። ፎቶ ሲያስፈልግ ግን ለውበቱ የሴት ፎቶ ይመረጣል። እንዲህ ያለ ገጽ ስንቱን አሳትሜያለሁ።

ጌይ ታክማን የተባለች የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1978 ይህን ጉዳይ በከባድ ስም ጠርታዋለች፤ ምልክታዊ መደምሰስ ብላዋለች። ልጅቷ ሌት ተቀን ሴት ታያለች፣ ሴት ግን አትሰማም። ለራስ የሚሰጥ ግምት ከመልክ ብቻ የሚመጣ ከመሰላችሁ፣ እናንተም ሳታውቁት በማስታወቂያ ሠሪው መንገድ እየሄዳችሁ ነው።

---

ናትናኤል

ወንዶችስ? የጡንቻ ፎቶ እኛንም ይጎዳናል። ለምን ሁልጊዜ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ይሆናል?

---

ፀደይ

ናትናኤል፣ ይጎዳችኋል። ቅድም የጠቀስኩት የዋና ልብስ ሙከራ በ2004 በሌሎች ተመራማሪዎች ሲደገም፣ ወንዶቹም ሰፋ ባለ ቁምጣ ፈንታ ጥብቅ ያለ የዋና ልብስ ሲሰጣቸው የእነሱም የሒሳብ ውጤት ወረደ። ማለትም ነገሩ ከተፈጥሮ አይደለም፤ ማንንም ሰው እንደሚታይ ዕቃ ብታስቀምጠው አእምሮው ይከፈላል። ልዩነቱ፣ አንተን እዚያ ሁኔታ ውስጥ ለመክተት ተመራማሪ ያስፈልጋል።

---

ዮፍታሔ

አሁን እኮ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ተለውጠዋል። ዶቭ (የሳሙናው) ከ2004 ጀምሮ በማስታወቂያው ተራ ሴቶችን እያሳየ አይደል? ገበያው ራሱን ያርማል።

---

ብርሃንና ጥላ

በሥራዬ ዓለም ያ ማስታወቂያ ትልቅ ወሬ ነበር። በተለይ የ2006ቱ አጭር ቪዲዮ፦ አንዲት ሴት ተቀምጣ በሜካፕ፣ ከዚያም በኮምፒውተር አንገቷ ሲረዝምና ዓይኗ ሲሰፋ እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳ ድረስ ያሳያል። ጥሩ ተሠርቷል፤ ሙያውን ሳልደብቅ አደንቃለሁ። ነገር ግን የዶቭ ባለቤት ዩኒሊቨር በዚያው ጊዜ አክስ የተባለውን የወንዶች ሽቶ ሴቶች እየተንጋጉ ወደ ወንዱ ሲሮጡ በማሳየት ይሸጥ ነበር። «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለ ቆዳ የሚያፈካ ቅባትም ነበረው፤ ስሙን የለወጠው በ2020 ነው። በአንድ እጅ «እንደሆንሽ ቆንጆ ነሽ»፣ በሌላው እጅ «ትንሽ ብትፈኪ»። ገበያው አልታረመም፤ ሁለቱንም ጎን ሸጠ።

ደግሞ «ሁሉም ሰውነት ቆንጆ ነው» የሚለው ዘመቻም ቢሆን ወሬው ዞሮ ዞሮ ቆንጆ ስለመሆን ነው። መሐንዲስ ወንድ «ሁሉም ወንድ ቆንጆ ነው» ተብሎ ሲጽናና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

---

ፀደይ

የመጨረሻው ነጥብሽ በሙከራም ታይቷል። በ2019 አውስትራሊያ ውስጥ ወጣት ሴቶች ሰውነትን በበጎ የሚያሳዩ የኢንስታግራም ገጾችን ሲያዩ ስሜታቸውም በሰውነታቸው ያላቸው እርካታም ከፍ አለ። ጥሩ ነው። ሆኖም «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ሲመልሱ፣ የቀጫጭን ሞዴሎችን ምስል እንዳዩት ሁሉ እነሱም ስለ መልካቸው መናገር አበዙ። ስሜቱ ተሻሻለ፤ ተመልካቹ ግን ከቦታው አልተነሣም።

---

ሐመልማል

ይህን ሁሉ አንብቤ ዕቅዱን ለወጥኩት። የሞዴል ፎቶ አይኖርም። በፊትና በኋላም የለም።

ጋሽ ሞገስ፣ ሐሳቡን ከእርስዎ ነው የወሰድኩት። ልጆቹን በቡድን እከፍልና የአንድ ቀን የምሽት ዜና እሰጣቸዋለሁ። የሚቆጥሩት ማን ቆንጆ እንደሆነ አይደለም፦ ማን ተናገረ፣ ስለ ምን ተናገረ፣ ለስንት ሰከንድ፣ ስሙና ማዕረጉ ተጻፈ ወይስ «ነዋሪ» ተብሎ ታለፈ፣ ስሜቱን ተጠየቀ ወይስ ምክንያቱን። ከዚያ የዜናውን አንድ ርዕስ መርጠው እነሱ ራሳቸው እንዲያብራሩት አደርጋለሁ፤ በድምፅ ብቻ፣ ያለ ካሜራ። ሰሌዳ ፊት የማትቆመው ልጅ በድምፅ ምን እንደምትል መስማት እፈልጋለሁ።

ተጠራጣሪው፣ «ተያት» ያልከውን ይዣለሁ። ስለ ሰውነት ጥያቄ ከእኔ አይነሣም፤ ከልጆቹ ከተነሣ ግን አልሸሽም።

---

ተጠራጣሪው

ይሻላል። አንድ ምክር ብቻ፦ ቆጠራውን ከመጀመራቸው በፊት ስንት በመቶ ሴት እንደሚያገኙ ግምታቸውን በወረቀት ይጻፉ። ውጤቱን ካዩ በኋላ ሁሉም ሰው «አውቀው ነበር» ይላል። የአንድ ቀን ዜና ትንሽ ናሙና መሆኑንም ንገሪያቸው፤ እነሱን ማክበር ነው።

---

ጋሽ ሞገስ

ሐመልማል ልጄ፣ የስፖርት ዜናውን እንዳትዘይው። እዚያ ጉድ ታያላችሁ። ሴቷ ሯጭ ሪከርድ ሰብራ ስለ ልጆቿ ትጠየቃለች።

---

የልጆች እናት

ልጄ ከተማሪዎችሽ በዕድሜ ታንሳለች እንጂ ባመጣኋት ነበር። ቆጠራውን በቤታችን እንሞክረዋለን፤ ስለ አፍንጫ የማናወራበት አንድ ምሽት ይሆናል።

---

ብርሃንና ጥላ

ሐመልማል፣ ፎቶ አላመጣም። ግን አንድ ገጽ ላዋጣ። ባለፉት ሥራዎቼ የተላኩልኝን ትዕዛዞች የደንበኛውንም የሰዎቹንም ስም አውጥቼ፣ ምስል ሳይኖረው፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ብቻ ደርድሬ እልክልሻለሁ። የትኛው ለሴት፣ የትኛው ለወንድ እንደተጻፈ አልገልጽም። ልጆቹ ይለዩት።